ዕዳው ያላለቀ የአባት መኪና የማን ነው?

በንፋስ ስልክ ላፍቶ፣ ከጀሞ ኮንዶሚኒየም እስከ ሳሪስ፣ ከለቡ እስከ መካኒሳ፣ ለቅሶ ቤት ያመሸ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነገር አለ። ድንኳኑ ተነቅሎ፣ የእድሩ ወንበርና ድስት ተመልሶ፣ ዘመድ ወደየቤቱ ሲበተን ብሎኩ ሥር የቆመው መኪና እዚያው ይቀራል። ቁልፉ ብዙውን ጊዜ በታላቁ ልጅ ኪስ ነው። ሊብሬው ቤት ውስጥ የለም፤ ባንክ ነው ያለው። ወሩ ሲሞላ ደግሞ ባንኩ ክፍያውን ይጠብቃል። ጠቡ የሚነሳው ያኔ ነው። ታላቁ ልጅ «ከአባቴ ጋር ስለፋበት የኖርኩት እኔ ነኝ» ይላል። እህት «የሁላችንም ነው» ትላለች። እናት «ቅድሚያ ክፍያው ከእቁቤ ነው የወጣው» ይላሉ። ሁሉም የሚሉት እውነት ሊሆን ይችላል፤ ግን የእያንዳንዱ እውነት ቦታው ሌላ ሌላ ነው።

ዛሬ ላስረዳ የምፈልገው የጥያቄዎቹን ቅደም ተከተል ነው። «መኪናውን ማን ይውሰድ?» የሚለው መጨረሻ ላይ የሚመጣ ጥያቄ ነው። ከሱ በፊት፣ መኪናው በእርግጥ የሟች ነበር ወይ? ስንት እጁ ነበር የሟች? ምን ያህል ዕዳ አለበት? ወራሾቹስ እነማን ናቸው? እነዚህ በተራ ሳይመለሱ መጨረሻውን የጀመረ ቤተሰብ በቀላሉ አይታረቅም። ቤት ቢሆን ካርታው እስኪታይ ባለበት ይቆማል። መኪና ግን ይንቀሳቀሳል፣ ይሠራል፣ ያረጃል፣ ሰው ሊገጭም ይችላል። ስለዚህ ጊዜ አይሰጥም።

ነገሩን በምሳሌ ይዘን እንሂድ። ምሳሌው የማንም ቤት ታሪክ አይደለም፤ ቁጥሮቹንም ለስሌት እንዲመቹ አድርጌያቸዋለሁ። ጀሞ የሚኖሩ አንድ አባት በ2014 ዓ.ም. ከባንክ ተበድረው ሱዙኪ ዲዛየር ገዙ፤ በስልክ በሚጠራ የታክሲ አገልግሎት ያሠሩታል። በ2017 ዓ.ም. ያለ ኑዛዜ አረፉ። ሚስታቸው አሉ። ከሳቸው የወለዷቸው አንድ ወንድና አንድ ሴት ልጅ አሉ፤ በቤቱ ታላቁ ወንዱ ነው። ከጋብቻው በፊት የተወለደ፣ ደብረ ብርሃን ያደገ ሌላ ልጅም አላቸው። በሞቱበት ቀን የቀረው ዕዳ 600 ሺህ ብር ነው፤ የወር ክፍያው 25 ሺህ ብር።

መጀመሪያ ውሉን እንይ። ሰው «በብድር የተገዛ መኪና» ሲል ብዙ ዓይነት ውል በአንድ ስም እየጠራ ነው። በምሳሌያችን ያለው የተለመደው የባንክ ብድር ነው። ሊብሬው በሟች ስም ወጥቷል፤ ባንኩ ደብተሩን ይዞ ለተሽከርካሪ መዝጋቢው መሥሪያ ቤት ደብዳቤ ጽፎ ዕግድ አስመዝግቧል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የተንቀሳቃሽ ንብረት ዋስትና መብት አዋጅ ቁጥር 1147 ደግሞ እንዲህ ያለ መያዣ የሚመዘገብበት የዋስትና መዝገብ በብሔራዊ ባንክ ዘንድ እንዲቋቋም አድርጓል። በዚህ ዓይነት ውል ባለቤቱ አባት ነው፤ ባንኩ ባለመያዣ ነው። ወለድ አልባ ባንኮች በሙራባሃ የሚሸጡት መኪናም ከዚህ እምብዛም አይርቅም። ባንኩ ገዝቶ ትርፉን ጨምሮ ለደንበኛው ይሸጣል፤ ከዚያ በኋላ ደንበኛው ባለቤትም ባለዕዳም ይሆናል።

የኪራይ ፋይናንስ ሲሆን ግን መልሱ ይለወጣል። በ1990 ዓ.ም. የወጣው የካፒታል ዕቃ ኪራይ ንግድ አዋጅ ቁጥር 103 ሁለት ነገር ለይቶ ያስቀምጣል። በፋይናንስ ኪራይ፣ ውሉ እስኪያልቅ ድረስ ሙሉ ባለቤቱ አከራዩ ድርጅት ነው፤ ተከራዩ መጨረሻ ላይ የመግዛት ምርጫ አለው። በዱቤ ግዢ ግን በእያንዳንዱ ክፍያ ልክ የባለቤትነቱ ድርሻ እየተቆነጠረ ወደ ተከራዩ ያልፋል፤ የመጨረሻዋ ክፍያ ስትገባ ዕቃው ሙሉ በሙሉ የሱ ይሆናል። ስለዚህ አባታችሁ የፈረሙት የትኛውን እንደሆነ ሳታነቡ «የአባታችን ንብረት» አትበሉ። ምናልባት የወረሳችሁት መኪናውን ሳይሆን በውሉ የመቀጠል መብትን ብቻ ሊሆን ይችላል።

ሦስተኛው ዓይነት በሰፈራችን በጣም የተለመደው፣ በጣም የሚያስፈራኝም እሱ ነው። ባንክ የለበትም። አባት ከአንድ ሰው ላይ መኪና በዱቤ ይገዛሉ፤ ግማሹን ይከፍላሉ፣ ቀሪው በስድስት ወር ወይም በዓመት ይከፈላል። ስሙ አይዛወርም። ሻጩ «እስክትጨርስ ድረስ በዚህ ንዳ» ብሎ ውክልና ይሰጣቸዋል። ሁለቱም ይተማመናሉ፤ ሁለቱም ጤነኛ እስከሆኑ ድረስም ነገሩ ይሄዳል። ሞት ሲመጣ ግን ውክልና ብቻውን ሰውን አያቆምም። በፍትሐ ብሔር ሕጉ መሠረት፣ በሌላ መልክ ካልተዋዋሉ በቀር ወካይም ሆነ ተወካይ ሲሞት ውክልናው ይቀራል። ሻጩ ከሞተ፣ አባት ኪሳቸው ውስጥ ያለው ውክልና ስም አያዛውርላቸውም፤ ከሻጩ ወራሾች ጋር መነጋገር፣ እምቢ ካሉም መክሰስ ሊኖርባቸው ነው። አባት ከሞቱ ደግሞ ልጆቻቸው በሌላ ሰው ስም የተመዘገበ መኪና እየነዱ «የኛ ነው» ማለት አለባቸው። በዚህ ጊዜ የሚያድነው የሽያጭ ውሉና የክፍያ ደረሰኙ ነው። ገንዘቡ በእጅ ተቆጥሮ ከሆነ ነገሩ ጨለማ ነው፤ በባንክ ገቢ ተደርጎ ከሆነ ግን እያንዳንዱ ወረቀት ምስክር ነው። እንዲህ ያለ መኪና ያላችሁ ሰዎች፣ አባታችሁ በሕይወት እያሉ ውሉን ሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ ሄደው ያስመዝግቡ፤ ዛሬ ነገ አትበሉ።

ወደ ምሳሌያችን እንመለስ። መኪናው በሟች ስም ነው፤ ውሉ የባንክ ብድር ነው። ሁለተኛው ጥያቄ፣ ስንት እጁ ነው የሟች? እዚህ ላይ ልጆች በጣም ይሳሳታሉ። ሊብሬው ላይ ያለው ስም አንድ ስለሆነ መኪናው በሙሉ የአባት፣ ከአባት ሞት በኋላ ደግሞ በሙሉ የልጆች ይመስላቸዋል። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ በአንቀጽ 63 እንዲህ ያለውን አስተሳሰብ ይዘጋዋል። በጋብቻ ውስጥ ያለ ንብረት በአንዱ ስም ብቻ ቢመዘገብም እንኳ የግል መሆኑ እስካልተረጋገጠ ድረስ የጋራ ነው ተብሎ ይገመታል። መኪናው በ2014 ዓ.ም. በጋብቻ ውስጥ ተገዝቷል፤ ስለዚህ ግማሹ ከመጀመሪያውም የእናት ነበር። እናት ይህን ግማሽ አይወርሱትም፤ የራሳቸውን ይወስዳሉ።

ይህን ሁለት ጊዜ የምለው በምክንያት ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ሚስት ወይም ባል ያለ ኑዛዜ የሚወርስ ወራሽ አይደለም። ሰው «እናታችንም እንደ አንድ ልጅ ድርሻ ታገኛለች» ሲል እሰማለሁ፤ ልግስና ይመስላል፣ ግን እናትን የሚጎዳ ስሌት ነው። በሦስት ልጆችና በአንዲት እናት መካከል በእኩል ከተካፈለ እናት የሚደርሳቸው ሩብ ነው፤ ሕጉ የሚሰጣቸው ግን ግማሽ ነው።

መኪናው ከጋብቻ በፊት ተገዝቶ ቢሆንስ? ያኔ በመሠረቱ የአባት የግል ንብረት ነው። ነገር ግን የወር ክፍያው ከጋብቻ በኋላ ከደመወዝና ከሥራ ገቢ ሲከፈል ከቆየ፣ ያ ገቢ የጋራ ነውና እናት ለዚያ ያህል ጥያቄ ማንሳት ይችላሉ። ጋብቻው በወረቀት ያልተፈጸመ፣ እንደ ባልና ሚስት አብሮ መኖር ብቻ ከሆነም ተስፋ አይቆረጥም፤ ኑሮው ቢያንስ 3 ዓመት ከቆየ በዚያ ጊዜ የተፈራው ሀብት የጋራ ይሆናል።

ሦስተኛው ጥያቄ ዕዳው ነው። ሞት ዕዳን አይሰርዝም። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 826 መሠረት በሞት የማይቋረጡ መብቶችና ግዴታዎች ሁለቱም ወደ ወራሽ ያልፋሉ። ወራሽ ግን በአባቱ ዕዳ የራሱን ደመወዝ አያጣም፤ ተጠያቂነቱ በወረሰው ልክ ነው። የብድር ውሉ ላይ ዋስ ሆኖ የፈረመ አጎት ወይም የሥራ ባልደረባ ካለ ግን የሱ ነገር የተለየ ነው። ባለዕዳው ሞተ ብሎ ባንኩ ዋሱን አይለቀውም። በለቅሶው መሀል ይህን ሰው ማስታወስ ተገቢ ነው፤ ክፍያው ሲቋረጥ መጀመሪያ ስልኩ የሚጮኸው የሱ ሊሆን ይችላል።

ባንክ ስትሄዱ ከሁሉ አስቀድማችሁ የምትጠይቁት አንድ ጥያቄ አለ፦ «ከብድሩ ጋር የተገባ የሕይወት ዋስትና አለ ወይ?» አንዳንድ አበዳሪዎች ተበዳሪውን እንዲህ ያለ መድን ያስገቡታል፤ ተበዳሪው ሲሞት ቀሪውን ዕዳ መድን ድርጅቱ ይከፍላል። አባት ፈርመው ረስተውት፣ ቤተሰቡም ሳያውቀው ቀርቶ ወር በወር መክፈል የሚቀጥልበት ጊዜ ስላለ ውሉን ከነአባሪዎቹ ገልብጣችሁ አንብቡት። መድን ድርጅቶች ሞቱ እንዲነገራቸው የሚሰጡት ጊዜ በውላቸው ላይ ተጽፏልና መዘግየት ያስጎዳል። የሞት ምስክር ወረቀቱንም ከወረዳው የሲቪል ምዝገባ ቶሎ አውጡ፤ ያለሱ ባንክም፣ መድንም፣ ፍርድ ቤትም አያናግራችሁም።

መድን ከሌለ ክፍያው መቀጠል አለበት። «ፍርድ ቤት ጉዳዩን እስኪያይ ድረስ ባንኩ ይታገሳል» ብላችሁ አትተማመኑ። በ1990 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 97 ባንክ በመያዣ የያዘውን ንብረት ያለ ፍርድ ቤት ትዕዛዝ፣ ቢያንስ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ በሐራጅ እንዲሸጥ ሥልጣን ሰጥቶታል። ወንድምና እህት በቀጠሮ ሲመላለሱ መኪናው በሐራጅ ቢሄድ የሚከራከሩበት ነገር ራሱ አልቋል። ባንኩም ቢሆን ሐራጁን አይናፍቅም። የሞት ምስክር ወረቀቱን ይዛችሁ ቅርንጫፉን ብታናግሩ፣ ክፍያው እንደሚቀጥልም በጽሑፍ ብታሳውቁ፣ ብዙውን ጊዜ የሚሰማ ሰው ይገኛል። በዚያው ቀን ቀሪ ዕዳው ስንት እንደሆነ የሚገልጽ ደብዳቤ ጠይቁ፤ በኋላ ስሌቱ የሚነሳው ከዚያ ቁጥር ነው።

የዛሬውን ጠብ የሚያከረው ሌላም ነገር አለ። ከጥር 2016 ዓ.ም. ወዲህ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎችን ማስገባት ተከልክሏል፤ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ደግሞ ብር በገበያ እንዲተመን ተደረገ፣ የምንዛሪው ዋጋም በአጭር ጊዜ ወደ እጥፍ ተጠጋ። የአባት ዕዳ የተቆረጠው ግን ከዚያ በፊት፣ በድሮው ብር ነው። መኪናው ተወደደ፣ ዕዳው ባለበት ቆመ። ድሮ «ዕዳው ከዋጋው አይተናነስም፣ ባንኩ ይውሰደው» ይባል የነበረ መኪና ዛሬ ዕዳው ተከፍሎ ብዙ የሚተርፍበት ሀብት ሆኗል። ስለዚህ «ዕዳ ያለበት ነገር ነው፣ እኔ ልያዝላችሁ» የሚል ዘመድ ሲመጣ መጀመሪያ የገበያውን ዋጋ አጣሩ።

ከዕዳው ጋር አብሮ የሚመጣ ሌላ ዓይነት ጠያቂም አለ። «አባታችሁ ለመኪናው ቅድሚያ ክፍያ 200 ሺህ ብር ከኔ ተበድረው ነበር» የሚል ሰው። እውነቱን ሊሆን ይችላል፤ በአገራችን መተማመን የቆየ ነገር ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ግን በቁጥር 2472 ከ500 ብር በላይ የሆነ የገንዘብ ብድር በጽሑፍ እንጂ በሰው ምስክር እንደማይረጋገጥ ይደነግጋል፤ ከጽሑፍ ሌላ የሚቀረው ተበዳሪው በፍርድ ቤት ማመኑ ወይም መሐላ ነው፣ ሟች ደግሞ ያንን ሊያደርጉ አይችሉም። ውጭ አገር ያለ ልጅ የላከውም ገንዘብ እንዲሁ ነው። ለአባቱ የላከው ስጦታ ነበር? ብድር ነበር? ወይስ በአባቱ ስም ለራሱ የገዛው መኪና? መላኩን ደረሰኙ ያሳያል፤ ለምን እንደላከው ግን የሚያሳይ ነገር ከሌለ ክርክሩ ከባድ ነው።

አራተኛው ጥያቄ፣ ወራሾቹ እነማን ናቸው? በቁጥር 842 መሠረት ቀዳሚ ወራሾች ልጆች ናቸው፤ ድርሻቸውም እኩል ነው። ታላቅና ታናሽ፣ ወንድና ሴት፣ በጋብቻ የተወለደና ከጋብቻ ውጭ የተወለደ ልዩነት የላቸውም። ከአባቱ በፊት የሞተ ልጅ ካለ በሱ ምትክ የሱ ልጆች ይገባሉ። ስለዚህ ደብረ ብርሃን ያለው ልጅ ከጀሞዎቹ ጋር እኩል ነው፤ ከአባቱ ጋር አለማደጉ ድርሻውን አያሳንሰውም።

ይህን ልጅ ትቶ የወራሽነት ማስረጃ ማውጣት የሚያስከትለውን መከራ ብዙ ቤተሰብ አያስበውም። በአዲስ አበባ የወራሽነት ማስረጃ የሚሰጡት የከተማዋ ፍርድ ቤቶች ናቸው። ውርሱ የሚከፈተው ሟች ይኖሩበት በነበረው ቦታ ነውና፣ አባት ጎንደር ዘመድ ሊጠይቁ ሄደው ቢሞቱ እንኳ ኑሯቸው ጀሞ ከነበረ ጉዳዩ እዚሁ አዲስ አበባ ይታያል። አመልካቹ የሞት ማስረጃ፣ የልደት ማስረጃና ምስክሮች ያቀርባል፤ ፍርድ ቤቱ ብዙውን ጊዜ በጋዜጣ ጥሪ ያስወጣል። ደብረ ብርሃን ያለው ልጅ ጋዜጣውን ላያነብ ይችላል። ከዓመት በኋላ ግን ሲሰማ፣ በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 358 መሠረት «በሌለሁበት መብቴን የሚነካ ውሳኔ ተሰጥቷል» ብሎ ተቃውሞ ማቅረብ ይችላል። ያኔ ማስረጃው ይናጋል፤ በማስረጃው ላይ የተመሠረተው የስም ዝውውርም ይናጋል፤ መኪናውን በቅን ልቦና የገዛው ሰው ሁሉ ወደ ክርክሩ ይሳባል። አንድ ስልክ ደውሎ «አባታችን አርፈዋል፣ ና» ማለት ይህን ሁሉ ያስቀራል። ልጁ ወንድማችሁ ነው፤ ከሕጉም በፊት።

የወራሽነት ማስረጃ ክርክር የሌለበት ነገር ነው። «መኪናው የጋራ አይደለም»፣ «ኑዛዜው ሐሰት ነው»፣ «ድርሻዬን አካፍሉኝ» የሚል ሙግት ሲነሳ ጉዳዩ ወደ ፌዴራል መጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ይሄዳል፤ በ2013 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1234 እስከ 10 ሚሊዮን ብር ያለውን ክርክር ለዚህ ፍርድ ቤት ሰጥቶታል። ሟች ሙስሊም ከነበሩና ተከራካሪዎቹ ሁሉ ከፈቀዱ ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 188/1992 የተጠናከሩት የሸሪዓ ፍርድ ቤቶች ሊያዩት ይችላሉ። በዚያ የድርሻው ስሌት ሌላ ነው፤ ሚስትም ወራሽ ናት። ፈቃዱ የሁሉም መሆን እንዳለበት ልብ በሉ፤ አንዱ ካልፈለገ ወደ መደበኛው ፍርድ ቤት ነው።

እስከዚያው መኪናውን ማን ይዞ ይቆይ? ሕጉ ያለ ምንም ሥርዓት ወራሾቹን ራሳቸውን የውርሱ አጣሪ ያደርጋቸዋል። ካልተስማሙ ፍርድ ቤቱ ውርስ አጣሪ ይሾማል፤ እሱም ንብረቱን ይመዘግባል፣ ዕዳውን ያጣራል፣ ሪፖርቱን ለፍርድ ቤቱ ያቀርባል። አጣሪ እስኪሾም ድረስ ታላቁ ልጅ መንዳቱን ቢቀጥል ክፋት የለውም፤ መኪና ሲቆም ባትሪው ይሞታል፣ ጎማው ይበላሻል፣ ገቢም ይቀራል። ግን ሁለት ነገር ማድረግ አለበት።

አንደኛ፣ ደብተር ይያዝ። በየቀኑ የገባው፣ ነዳጅ፣ ዘይት፣ ጥገና፣ የትራፊክ ቅጣት፣ ለባንክ የተከፈለው ሁሉ ይጻፍ። ደብተሩ ከሌለ ከስምንት ወር በኋላ «ዕዳውን የከፈልኩት እኔ ነኝ» የሚለው ቃል ዋጋ አይኖረውም። ሁለተኛ፣ የሦስተኛ ወገን መድኑና ቦሎው እንዳይቋረጥ ይጠንቀቅ። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2081 መሠረት የተሽከርካሪ ባለቤት መኪናው ላደረሰው ጉዳት ጥፋት ባይኖርበትም፣ ነጂው ያለ ፈቃድ የነዳው ቢሆንም እንኳ ተጠያቂ ነው። ባለቤቶቹ አሁን እናትና ወራሾቹ ናቸው። ሳሪስ አቦ መታጠፊያው ላይ አንድ ሰው ቢገጭ፣ መኪናውን ነክታ የማታውቀው እህትም ከክሱ ውጭ አትሆንም። ስለዚህ «አትንዳ» ማለቷ ምቀኝነት አይደለም፤ «በመድን ንዳ፣ ሒሳብ አሳየን» ማለት መብቷ ነው። እምቢ ካለ ፍርድ ቤቱ መኪናው እንዳይሸጥና እንዳይዛወር ዕግድ እንዲሰጥ መጠየቅ ትችላለች።

አሁን ስሌቱን እንሥራ። ታላቁ ልጅ ስምንት ወር እየከፈለ ቆይቷል፤ በወር 25 ሺህ፣ በድምሩ 200 ሺህ ብር። ወለዱን ለማቅለል እንተወውና ባንኩ ዘንድ የቀረው ዕዳ 400 ሺህ ነው እንበል። መኪናው በ2 ሚሊዮን 400 ሺህ ብር ተሸጠ። ባንኩ መያዣው ላይ ቅድሚያ አለውና 400 ሺውን ይወስዳል፤ 2 ሚሊዮን ይቀራል። ቀጥሎ የሚጠየቀው ጥያቄ፣ ታላቁ ልጅ የከፈለው 200 ሺህ ከየት መጣ?

ከራሱ ደመወዝ ከሆነ የቤተሰቡን ዕዳ ከፍሏልና ይመለስለታል። 1 ሚሊዮን 800 ሺህ ይቀራል። ግማሹ፣ 900 ሺህ፣ የእናት ነው። ቀሪው 900 ሺህ የሟች ድርሻ ነው። ከሱ ላይ የቀብርና የውርስ ማጣራት ወጪ 60 ሺህ ብር ቢነሳ 840 ሺህ ይሆናል፤ ለሦስት ልጆች ሲካፈል ለእያንዳንዱ 280 ሺህ። ታላቁ ልጅ ከተመለሰለት ጋር 480 ሺህ ይዞ ይሄዳል።

ክፍያው የወጣው መኪናው ሠርቶ ካገኘው ከሆነ ግን የሚመለስለት ነገር የለም፤ ዕዳውን የከፈለው መኪናው ራሱ ነው። ያኔ 2 ሚሊዮኑ በሙሉ ይካፈላል፦ ለእናት 1 ሚሊዮን፣ ከሟች ድርሻ 60 ሺው ተነስቶ ለእያንዳንዱ ልጅ 313 ሺህ 333 ብር። ከወር ክፍያው የተረፈ ገቢ ካለም ታላቁ ልጅ የነዳበትን የጉልበቱን ዋጋ አስቦ ቀሪውን ለሁሉም ያቀርባል። አያችሁ፣ በሁለቱ ስሌቶች መካከል ያለው ልዩነት በሙሉ በዚያች ደብተር ላይ ነው የተንጠለጠለው። ፍትሕን የሚፈልግ ታላቅ ልጅ ከሁሉ ይበልጥ የሚጠቅመው ደብተሩ ነው።

ስለ ቀብር ወጪ አንድ ነገር ልጨምር። በቁጥር 1014 ከውርሱ ላይ የሚከፈሉ ነገሮች ተራ አላቸው፤ የቀብር ወጪ ይቀድማል፣ የአስተዳደርና የማጣራት ወጪ ይከተላል፣ ከዚያ የሟች ዕዳ፣ ከዚያ ቀለብ፣ መጨረሻ ላይ በኑዛዜ የተሰጡ ስጦታዎች። ወጪው ግን ለሟች የኑሮ ደረጃ የሚመጥን መሆን አለበት፤ የተዝካር ወጪም ከዚህ ውስጥ አይቆጠርም። ለአርባው ሰንጋ የጣለ ልጅ ያደረገው ለነፍስ የሚሆን መልካም ነገር ነው፤ ከእህቱ ድርሻ ላይ ግን አይቀንሰውም።

አሁን የመጨረሻው ጥያቄ ላይ ደረስን፤ መኪናውን ማን ይውሰድ? መኪና እንደ ማሳ ተቆርሶ አይካፈልም፤ ስለዚህ ያሉት መንገዶች ጥቂት ናቸው። አንዱ ወስዶ ሌሎቹን በገንዘብ ማካካስ ይችላል። ለዚህ ግን ባንኩ ብድሩን ወደሱ ማዞር መፍቀድ አለበት፤ ቤተሰቡ መስማማቱ ብቻ ባንኩን አይገድደውም። ብሔራዊ ባንክ ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ የባንኮችን ብድር ዕድገት በ14 በመቶ ከገደበ ወዲህ፣ ገደቡ በኋላ እየላላ ቢመጣም፣ ባንክ ለአዲስ ተበዳሪ እጁ ጥብቅ ሆኗል። ሌላው መንገድ በስምምነት ለውጭ ገዢ መሸጥ ነው። ገዢው ከዋጋው ላይ ዕዳውን በቀጥታ ለባንኩ ይከፍላል፣ ቀሪውን ለቤተሰቡ ይሰጣል። ሁሉም ባለድርሻ መፈረም አለበት፤ እናትም ጭምር። ዕድሜው ያልደረሰ ልጅ ካለ በሞግዚቱ በኩል፣ ውጭ ያለ ልጅ ካለ በኢትዮጵያ ኤምባሲ በተረጋገጠ ውክልና። በዚህም በዚያም ካልተስማሙ ፍርድ ቤቱ በሐራጅ እንዲሸጥ ያዛል። ሐራጅ የመጨረሻው ነው፤ በሰፈር ደላላ በኩል ከሚገኘው ዋጋ ዝቅ ማለቱ የተለመደ ነው፣ ጊዜውም ይረዝማል።

ስለዚህ ክስ ከተመሠረተ በኋላም ቢሆን ሽምግልና በሩ አልተዘጋም። የፌዴራል ፍርድ ቤቶች የራሳቸው የማስማሚያ ክፍል አላቸው። የሰፈር ሽማግሌ ያስማማውም ስምምነት በጽሑፍ ሆኖ ለፍርድ ቤቱ ቢቀርብና ቢመዘገብ እንደ ፍርድ ይፈጸማል። ሽማግሌዎቻችንን የምለምነው፣ «እናታችሁ እያለች አትካፈሉ» ብለው ብቻ እንዳይበትኑ ነው። ለቤት ይህ ምክር ሊሠራ ይችላል፤ በየወሩ ክፍያ ላለበት መኪና ግን ማን እንደሚከፍል፣ ማን እንደሚነዳ፣ ገቢው የት እንደሚቀመጥ ሳይጻፍ ማደር ጠቡን ለሌላ ቀን ማሳደር ነው። ትክክለኛ ወራሽ ውርሱን ያለ መብቱ በያዘ ሰው ላይ የሚያቀርበው ክስም በቁጥር 1000 መሠረት መብቱንና የንብረቱን መያዝ ካወቀ ጀምሮ በ3 ዓመት ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ሊቀር ይችላል።

ስምምነቱ ወይም ፍርዱ ካለቀና ዕዳው ከተዘጋ በኋላ የሚቀረው የወረቀት ሥራ ነው። ባንኩ ዕዳው ማለቁን የሚገልጽ ክሊራንስና ዕግዱ እንዲነሳ ለመዝጋቢው መሥሪያ ቤት የሚጻፍ ደብዳቤ ይሰጣል፤ ሊብሬውንም ይመልሳል። ክሊራንሱን ተቀብላችሁ የዕግድ ማንሻውን ሳታስጽፉ እንዳትወጡ። መዝጋቢው ዘንድ የወራሽነት ማስረጃው፣ የእናት የጋብቻ ማስረጃ፣ የተመዘገበው ስምምነት ወይም ፍርዱ፣ የመድኑ ውልና የዓመቱ ምርመራ ወረቀት ይቀርባሉ። ከእያንዳንዳቸው ኮፒ አስቀርታችሁ ዋናውን በእናት እጅ አኑሩት፤ አዲሱ ሊብሬ በወራሹ ወይም በገዢው ስም ሲወጣ ከአሮጌው ጋር አስተያዩት፣ የሻንሲውና የሞተሩ ቁጥር ልክ መሆኑንም እዚያው መስኮቱ ላይ አረጋግጡ።